ከዚራ ድንኳን ውስጥ ደም ሰጥቼ ያየሁት

ባለፈው ቅዳሜ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፎቹ ስር በተተከለ ድንኳን ደም ሰጠሁ። አምስተኛ ጊዜዬ ነው። ብስኩትና ጭማቂ የትም አለ፤ እኔ አሁን የማየው ደሜ ከክንዴ ከወጣ በኋላ የት እንደሚገባ ነው።

ከረጢቱ የተኛው ወዲህ ወዲያ በምትወዛወዝ ትንሽ ሚዛን ላይ ነበር። "እህቴ፣ ለምንድን ነው የሚወዛወዘው?" አልኳት ነርሷን። "ከረጢቱ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ አለ፤ ደሙ እየገባ ካልተደባለቀ ይረጋል፣ የረጋ ደግሞ ይጣላል" አለችኝ። አስር ደቂቃ ሳይሞላ 450 ሚሊ ሊትሩ ሞላ፣ ሚዛኗም ጮኸች።

የወደድኩት ግን የሞሉት ከረጢቶች የሚቀመጡበትን የበረዶ ሳጥን ነው። ከረጢቶቹና በረዶው መሀል ካርቶን ገብቶበታል። ደሙ በረዶውን ነክቶ ራሱም በረዶ ከሆነ ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። እንደዚህ የሚጠነቀቅ ሰው ደስ ይለኛል።

ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ስሰጥ ከረጢቶቹ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ፀሐይ እየዞረች ስትመጣባቸው አይቼ አንጀቴ አረረ። አቦ፣ የድሬ ፀሐይ እኮ ናት! ቀትር ላይ እኛ ራሳችን ጥላ ለጥላ ነው የምንሄደው።

ደሙ በኋላ ቀይ ሴል፣ ፕላዝማና ፕሌትሌት ተብሎ በሦስት ይለያል። ቀይ ሴል ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ይፈልጋል፤ እንደ ከረጢቱ ፈሳሽ 35 ወይም 42 ቀን ይቆያል፣ እሱም ቢሆን ቀኑ በገፋ ቁጥር ፖታሲየም ከሴሉ እየወጣ፣ ኦክስጅን ለሰውነት የመልቀቅ አቅሙም እየደከመ ነው። ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ቶሎ ተለይቶ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ በረዶ መሆን አለበት። ፕሌትሌት፣ ማለትም ስንቆስል ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ክፍል፣ ደግሞ ፍሪጅ አይስማማውም፤ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ፣ ያለማቋረጥ እየተወዛወዘ፣ 5 ቀን ብቻ። እንግዲህ አንድ ከረጢት ለሦስት ሰው የሚደርሰው ይሄ ሁሉ ከተጠበቀ ነው።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዷን ያስቀረሁት በወረፋው ነው፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን ጠበቅን፣ ከኋላዬ የነበሩ ሁለት ልጆች ሰልችቷቸው ሄዱ። ወንበር ቢጨመር ምን ነበረበት?

ከ3 ወር በኋላ እመለሳለሁ። እናንተም በጠዋት ሂዱ፣ ቁርስ በልታችሁ፣ ውሃ በደንብ ጠጥታችሁ። የሳጥኑ ክዳን ተከፍቶ ካያችሁ ደግሞ እንዲዘጉት ንገሯቸው።