ሳይለኩ ዕቃ ለማያስቀይሩት የሳሪሱ የናፍጣ ባለሙያ ምስጋና

ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሠራ) የሚንቀጠቀጥ የናፍጣ ፒክአፕ ያላችሁ ሁሉ፣ አራት ኢንጀክተር (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨውን ዕቃ) ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡልን። ምስጋናችን ሳሪስ አካባቢ ለሚሠሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» ለምንላቸው የናፍጣ ሞተር ባለሙያ ነው። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። አሠራራቸውን ግን ብንጽፈው ቅር አይላቸውም።

መኪናዋ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት፤ ሞተሯ ባለ 3.0 ሊትሩ ዲፎርዲ፣ 1ኬዲ የሚባለው። ሚኒሞ ላይ ስትሆን መሪውም መቀመጫውም ይርገፈገፋል፤ ነዳጅ ተሰጥቷት ከ1,500 ዙር ስታልፍ ትረጋጋለች። ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስና ኳኳታም ነበራት። ቀድሞ ያያት ጋራዥ ድምፅዋን ብቻ ሰምቶ «አራቱም ኢንጀክተር ይቀየር» ብሎ ነበር።

ጋሼ መጀመሪያ ያዘዙት መኪናዋ ማታ ገብታ እዚያው እንድታድር ነው። ሞተሩ በርዶ ሲነሳ ካላዩት ግማሹ መረጃ ያመልጣል። ስትበርድ ብቻ አስቸግራ ስትሞቅ የምትስተካከል ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሞቂያ ካንዴላው ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ጠዋት ለአጭር ጊዜ ነጭ ጭስ መታየቱ ብቻውን በሽታ አይደለም። የእኛዋ ግን ሞቃም ትንቀጠቀጥ ስለነበር ካንዴላው ላይ ጊዜ አላጠፉም። የሞተር ሱፖርቱንም (ሞተሩን ተሸክሞ ንዝረቱን የሚያበርደውን ጎማ) ዓይተው አለፉት፤ ሱፖርት ሲሞት ሞተሩ ራሱ እኩል እየዞረ ንዝረቱ ብቻ ወደ ካቢን ይገባል። እዚህ ግን ዙሩ ራሱ ያነክስ ነበር።

ቀጥሎ ነዳጁ ነው። የፊልትሮውን የታች ማፍሰሻ ከፍተው በብርጭቆ ቀዱና ውኃ ከሥር መዝቀጥ አለመዝቀጡን ተመለከቱ። በበርሜል ተቀምጦ የሚቀዳ ናፍጣ የሚጠቀም የመስክ መኪና ይህን ፍተሻ መዝለል የለበትም። ከፊልትሮው ወደ ፓምፑ በሚሄደው መስመር ላይም የሚያሳይ የላስቲክ ቱቦ ለጊዜው ገጠሙ፤ ሞተሩ እየሠራ አረፋ ከታየ አየር እየሳበ ነው ማለት ነው። ውኃም አረፋም አልነበረም።

ዋናው ሥራ ስካነሩ (የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበው መሣሪያ) ላይ ነው። ብዙዎች የስህተት ኮድ ከሌለ «ምንም የለም» ብለው ይነቅሉታል። እሳቸው ቁጭ ብለው ቁጥሮቹን ያነባሉ። የሬል ግፊቱ (ለአራቱም ኢንጀክተር ናፍጣ የሚያከፋፍለው የጋራ ቱቦ ውስጥ ያለው ግፊት) ሚኒሞ ላይ 300 እና 400 ባር መካከል ሳይዋልል ቆሟል፤ ስለዚህ ፓምፑም፣ ፓምፑ ላይ ያለው፣ የናፍጣውን መጠን የሚቆጣጠረው ኤስሲቪ የሚባለው ቫልቭም ከጥርጣሬ ወጡ። ኤስሲቪው ሲይዝ ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዙሩም አብሮት ይወጣል ይወርዳል እንጂ አንድ ሲሊንደር ብቻ አያነክስም።

ከዚያ የየሲሊንደሩን የማስተካከያ ቁጥር አወጡ። ኮምፒውተሩ ሚኒሞ ላይ ደካማ ለሆነው ሲሊንደር ነዳጅ ይጨምራል፣ ከጠንካራው ይቀንሳል። ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 3 ድረስ ያለው ይፈቀዳል። የእኛው ሁለተኛ ሲሊንደር ከ4 በላይ ይዞ ነበር፤ የተቀሩት ሦስቱ ከዜሮ በታች ናቸው።

ብዙ ባለንብረት ያለአግባብ ገንዘብ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ «ሁለተኛው ደክሟል» ይላል እንጂ «ኢንጀክተሩ ተበላሽቷል» አይልም። ቫልቭ ወይም ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አልቆ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበት ኃይል) ቢወርድም ያው ቁጥር ይወጣል። ስለዚህ በስካነሩ ነዳጁን ዘግተው ሞተሩን በሞተሪኖ (በማስነሻው) ብቻ እያዞሩ የአራቱን ሲሊንደር የመዞር ፍጥነት አወዳደሩ። ኮምፕሬሽኑ የወረደበት ሲሊንደር እንቅፋት ስለሚያንሰው ፈጥኖ ያልፋል። አራቱም እኩል ሆኑ። ያኔ ነው ኢንጀክተር ለመፍታት ቁልፍ ያነሱት።

አንድ ማስጠንቀቂያ እናክል። በድሮው ሜካኒካል ፓምፕ የነዳጅ ቱቦውን እያላሉ የሞተውን ሲሊንደር መፈለግ የተለመደ ነው። እንደዚህ ባለው የሬል ሞተር ላይ ግን በፍጹም አይሞከርም። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሆስፒታል የሚያስኬድ አደጋ ነው።

አፈታታቸው ራሱ ትምህርት ነው። ረዳታቸው በኢንጀክተሮቹ ዙሪያ ያለውን አቧራ በኮምፕረሰር ነፍቶ ካጸዳ በኋላ ነው ቱቦ የተፈታው፤ የተፈታው ቱቦ አፍ ሁሉ ወዲያው ተደፈነ። የአሸዋ ቅንጣት አዲስ ኢንጀክተር ትገድላለች። ከኢንጀክተሮቹ ሥር ጋዝ እንዳያልፍ የሚደፍኑት አራቱ የመዳብ ሮንዴላዎች (ቀለበቶች) ነጭ ጨርቅ ላይ ተደረደሩ፤ የሁለተኛው ጠርዝ ላይ ጥላሸት አንድ ቀጭን መስመር ሠርቶ ወጥቷል። ጋዝ ማሳለፍ ጀምሯል ማለት ነው። በዚህ ሞተር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሚያመልጠው ጋዝ ዘይቱን በጥላሸት ያጠቁራል፣ ጥላሸቱ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል፣ ከዚያ ሞተሩ ያለ ዘይት ሠርቶ ይነክሳል (ተጣብቆ ይቆማል)። ስለዚህ ካርተሩን አውርደው ወንፊቱን አዩት፤ ንጹሕ ነበር።

ኢንጀክተሮቹ መሞከሪያ ማሽን ላይ ሲወጡ ሁለተኛው በሚኒሞ መጠን የሚረጨው ነዳጅ አንሶ፣ ወደ ኋላ የሚመልሰው በዝቶ ተገኘ። ሦስቱ ደህና ናቸው። አንድ ኢንጀክተር ተገዛ፤ ሮንዴላ ግን ለአራቱም አዲስ። አሮጌውን ሮንዴላ በእሳት አግሎ መልሶ መግጠም ብዙ ቦታ ይደረጋል፤ እሳቸው አይነኩትም። መቀመጫውን አጽድተው፣ ብሎኑን በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) አጥብቀው፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ክዳን ሥር ያለውን፣ ትርፉን ናፍጣ የሚመልሰውን ቱቦ በአየር ግፊት ፈተሹት። ይህ ቱቦ ካፈሰሰ ናፍጣ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፣ በዲፕስቲኩም (በዘይት መለኪያው ዘንግ) ላይ ዘይቱ እየጨመረ ይታያል። በመጨረሻ የአዲሱን ኢንጀክተር ኮድ ኮምፒውተሩ ላይ ጻፉ። ኮድ ሳይጻፍ የሚገጠም ኢንጀክተር አዲስ ሆኖም ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ሲጨርሱ ያው ስክሪን እንደገና ተከፈተ፤ አራቱም ቁጥሮች ከ1 በታች። የተነሳውን ኢንጀክተርና አሮጌ ሮንዴላዎቹን ሳንጠይቃቸው አስረከቡን።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ረዳትዎንም እናመሰግናለን።

መሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን፣ አድራሻውን እንልካለን። ከመሄዳችሁ በፊት የስህተት ኮድ አታስጠፉ፣ ታንከሩ ውስጥ የኢንጀክተር ማጽጃ አትጨምሩ፣ መኪናውንም ከዋዜማው አስገቡ። የሚይዙት በወረፋ ነው፤ የሚቸኩል ሰው መጀመሪያ ቀን ያስይዝ።