የብረት ጥርስ ስላለው የቅማል ማበጠሪያ፣ ከአንዲት ሹሩባ ሠሪ

ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ሹሩባ እሠራለሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጡና ጠጋ ብለው፣ «እህቴ፣ ትንሽ ነገር አለባት መሰለኝ» ይሉኛል። ቅማል ብለው አይጠሩትም። እኔም ምንም ሳልል ልጅቷን ብርሃን ወዳለበት ወደ በሩ አስጠጋታለሁ።

ለዚህ ሥራ ያልገዛሁት ማበጠሪያ የለም። የወደድኩት ረጃጅም የብረት ጥርስ ያለውን ነው። ገበያ ውስጥ የውበት ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ይገኛል፤ አንዳንድ ፋርማሲም ያመጣዋል። ዋጋው አንዴ ሹሩባ ከመሠራት አይበልጥም።

የፕላስቲኩ ይረክሳል፤ ግን ወፍራም ጸጉር ሲገባበት ጥርሱ ይከፈታል፣ ቅጫሙም በመሀል ሾልኮ ይቀራል። ብረቱ ንክች አይልም። ቅማል እንቁላሏን ከጸጉሩ ሥር፣ ቆዳው አጠገብ፣ እንደ ሙጫ ባለ ነገር ነው የምታጣብቀው። በውኃ አይለቅም፣ ቢያራግፉትም አይወድቅም። ፎሮፎር በጣት ሲገፉት ይሄዳል፣ ቅጫም ግን ካለበት አይነቃነቅም። እኔ የምለየው በዚህ ነው። ሚዶ ለዚህ አይሆንም፤ ጥርሱ ሰፊ ነው።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ሹሩባው ይፈታል፤ ለዚህ ምንም ማምለጫ የለውም። ጸጉሩን አርሼ ኮንዲሽነር በደንብ እቀባዋለሁ። ቅማሏ ትፈዛለች፣ ማበጠሪያውም ይንሸራተታል። በሚዶ አፍታትቼ፣ ለሹሩባ እንደምከፍለው በቀጭን በቀጭኑ እከፍለዋለሁ። ከዚያ ማበጠሪያውን ቆዳው ላይ አስነክቼ እስከ ጫፍ እስባለሁ፤ በሳብኩ ቁጥር ነጭ ሶፍት ላይ እጠርገዋለሁ። ሶፍቱ ላይ ሰሊጥ የምታህል ነገር ስትራመድ ካየሁ፣ በቃ፣ አለች ማለት ነው። ከጆሮ ጀርባና ማጅራት አካባቢ ይበዛሉ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ከርዳዳ ጸጉር ላይ በደረቁ ከተጠቀማችሁበት ያስለቅሳል፤ ጥርሱ ጥቅጥቅ ስላለ ጸጉር ይነቅላል። ጸጉረ ብዙ ልጅ ከሆነች ደግሞ ከሰዓቱን ሙሉ ይፈጃል። ቸኩላችሁ ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል።

መድኃኒቱስ? 1 በመቶ ፐርሜትሪን ያለበት ሎሽን አለ። ጸጉሩ ታጥቦ በፎጣ ከደረቀ በኋላ፣ ገና እርጥብ እያለ ይቀባል፤ 10 ደቂቃ ቆይቶ በውኃ ይለቀለቃል። ያን ቀን ኮንዲሽነር አይነካም፤ ቅቤ ያለበት ራስም አስቀድሞ በሻምፖ ይታጠባል። መድኃኒቱ እንቁላሉን አይገድልም። እንቁላሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈል በ9ኛው ቀን መድገም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው፤ ከዚያ «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ይላል። አንዷ ደንበኛዬ ደግሞ ከአንድ ፋርማሲ 5 በመቶውን ክሬም ይዛ መጣች። እሱ ለእከክ ነው፤ መልሺው አልኳት። ብር ካጠራችሁ እኔ ማበጠሪያውን ግዙ ነው የምለው። በየሦስት ቀኑ፣ ምንም እስኪጠፋ ድረስ ለሁለትና ሦስት ሳምንት ያበጠረች እናት ያለ መድኃኒትም ልትገላገል ትችላለች።

ነጭ ጋዝ የሚቀቡ አሉ። ኧረ በእናታችሁ! ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት ቤት፣ ጋዝ የተነከረ የልጅ ራስ? የበረሮ መርጫም ያው ነው፣ መርዝ ነው። ጣና ወርዶ መዋኘትም አያወጣትም፤ ጸጉር ጨብጣ ውኃ ውስጥ ለሰዓታት መቆየት ትችላለች።

እናቶች የሚያፍሩት በከንቱ ነው። ቅማል ንጹሕ ራስ ላይም ትወጣለች። አትዘልም፣ አትበርም፤ ልጆች ራስ ለራስ ገጥመው ስልክ ሲያዩ ተራምዳ ትሻገራለች። ከራስ ከወረደች ደግሞ በአንድ ሁለት ቀን ትሞታለች፤ ስለዚህ ፍራሽ አውጥቶ መጣል አያስፈልግም። የትራስ ልብሱንና ሻሹን በሙቅ ውኃ ማጠብ ይበቃል። የሚያገረሽ ትኩሳት የምታመጣው የልብስ ቅማል ናት፤ እሷ ሌላ ናት።

ከእያንዳንዱ ራስ በኋላ ማበጠሪያውን በጣም ሙቅ ውኃ ውስጥ 10 ደቂቃ እዘፈዝፈዋለሁ። ስለዚህ ስትገዙ እጀታውም ብረት የሆነውን ምረጡ። የፕላስቲክ እጀታ ያለው ሙቅ ውኃ ሲደጋገምበት ይላቀቅና ጥርሱ ለብቻው እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሻጩ «ሁለቱም አንድ ናቸው እህቴ» ቢላችሁ አትስሙት።