የችግኝ ቤት ላስቲክ በባሕር ዳር ፀሐይ፦ ከ16 ወራት አገልግሎት በኋላ

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ በጣና ዳር ባለው ማሳዬ ላይ የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ የማፈላበትን ቤት ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ስሠራ፣ ጣሪያውን የከደንኩት በሁለት ዓይነት ላስቲክ ነበር። ግማሹ የፀሐይ ጨረር መከላከያ የተቀላቀለበት፣ 200 ማይክሮን (0.2 ሚሊሜትር) ውፍረት ያለው የግሪን ሃውስ ላስቲክ ነው። የቀረውን ግማሽ ግን ገንዘብ ስላጠረኝ፣ ሻጩ «ውፍረቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ያው ነው» ባለኝ ተራ ላስቲክ ሸፈንኩት።

ተራው ላስቲክ አምስት ወር ብቻ ቆይቶ በመጋቢት ተሰነጠቀ። ጥጉን ይዤ ባጠፍኩት ጊዜ እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ተንኮሻኩሾ በእጄ ላይ ተፈረካከሰ፤ ከዚያው ጥቅል ተርፎ በመጋዘን ጨለማ ውስጥ የቆየውን ቁራጭ ስስበው ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ተለጠጠ። ዕድሜያቸው አንድ ነው፤ የለያያቸው ፀሐይ ነው።

ላስቲኩ የተሠራበት ፖሊኤትሊን እጅግ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ስብስብ ሲሆን፣ የመለጠጥ ችሎታውም የሚመጣው ከእነዚህ ሰንሰለቶች ርዝመት ነው። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው፣ ዓይን የማያየው የአልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት በሰንሰለቶቹ ላይ የኬሚካል ትስስር ይላቀቅና ከአየር የሚገባው ኦክስጅን በተላቀቀው ቦታ ገብቶ ጉዳቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዛምተዋል፤ ሰንሰለቶቹ ባጠሩ መጠን ላስቲኩ መለጠጡን ትቶ ይሰበራል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለችና ይህ ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታው 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ በቆላ አገር ከሚሆነው ይልቅ እዚህ ጉዳቱ ይፈጥናል።

መከላከያ ያለው ላስቲክ ዛሬም፣ በ16ኛው ወሩ፣ ይለጠጣል፤ ብርሃን ማስገባቱም ከአቧራው በቀር አልቀነሰም። ሆኖም ሁለት ቦታ ላይ ተጎድቷል። አንደኛው ከብረት ቱቦላሬው ጋር የሚነካካበት መስመር ነው፤ ብረቱ በቀትር እጅ የማያስነካ ስለሚሆን ሙቀቱ በጨረር የተጀመረውን መበላሸት አፋጥኖታል። በባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ያረፈው ክፍል ግን ምንም አልሆነም። ቱቦላሬውን ነጭ ቀለም ከቀባሁት ወዲህ ስንጥቁ አልጨመረም። ሁለተኛው ለአመዳይ በሽታ ድኝ ደጋግሜ በረጨሁበት በኩል ያለው ነው፤ ድኝ መከላከያውን ንጥረ ነገር እንደሚያዳክመው ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ ጎኑን ገልጬ አየሩ እንዲወጣ ሳላደርግ አልረጭም ነበር።

ጨረር ሁሉ ፕላስቲክን በአንድ መንገድ አይለውጥም። ይኸው ፖሊኤትሊን በፋብሪካ ውስጥ በጋማ ወይም በኤሌክትሮን ጨረር ሲመታ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል፤ አንዳንድ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባሶች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ስሪንጅ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን ግን በጋማ ጨረር ከጀርም ሲጸዳ ሊሰባበር ስለሚችል ለዚያ የሚስማማ ንጥረ ነገር ቀድሞ ይጨመርበታል። ስለዚህ ላስቲክ ስገዛ ከእንግዲህ የምጠይቀው ከማይክሮኑ በፊት ምን እንደተጨመረበትና ለስንት ዓመት ፀሐይ እንደተሠራ ነው።

በተራው ላስቲክ ፋንታ መከላከያ ያለውን በሚያዝያ አልብሼዋለሁ። ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም፣ በመጋቢት ጣሪያው ሲቀደድ በቀትር ፀሐይ ጠውልገው የሞቱብኝን የቃሪያ ችግኞች ሳስብ አይቆጨኝም።