የሳክስፎን መጠገኛው ዕቃ፦ መብራቱን ያዙ፣ ፓዶቹን ተዉ

ሳክስፎኔ አልቶ ነው፤ ያማሃ 23፣ ከኔ በፊት ሁለት ሰው የተጫወተበት። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የታች ድምፆች እምቢ አሉኝ። ላይ ላዩን ሲነፋ ምንም አይልም፤ ወደ ታችኛው ሲ (የኖታ ስም ነው) ስወርድ ግን ይንተባተባል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ዘሎ ይወጣል። እናቴ ከማድ ቤት ሆና «ፍየል አስገባህ እንዴ?» ብላኛለች። ተሳስታለች ማለት አልችልም።

መጀመሪያ ጠጋኝ ጋ ነው የወሰድኩት። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሰፈሩንም አልናገርም። «ሳምንት ተመለስ» አለኝ፣ ሳምንቱ ሦስት ሆነ። ስቀበለው አንዱ ፓድ (ከቁልፉ ስር ሆኖ ቀዳዳውን የሚዘጋው ቆዳ የለበሰ ክብ ነገር) ጠርዙ ዙሪያውን በሱፐር ግሉ ተለጥፎ አገኘሁት፤ ቆዳው ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል፣ ያፈስ የነበረው አሁን ባሰበት። ገንዘቡ ሳይሆን ሦስቱ ሳምንት ነው የቆጨኝ። ያኔ ነው ራሴ እሞክረዋለሁ ያልኩት።

ዕቃውን ዲሲ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ከቫይታሚንና ከልጆች ልብስ መሀል አድርጋ አመጣችልኝ። ከኢንተርኔት ያዘዘችው ነው፣ 32 ዶላር። ሳጥኑ ላይ የፋብሪካ ስም የሚባል ነገር የለም። ውስጡ 25 ፓድ፣ ማፍሰሱን የሚያሳይ መብራት፣ ሁለት እንጨት ሼላክ (የፓድ ማጣበቂያ)፣ የሞላ መንጠቆ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ቁራጭ ቡሽ፣ አንድ ቱቦ ኮላ፣ የቁልፍ ዘይት፣ የቡሽ ቅባትና መጥረጊያ ጨርቅ አለው። ሲያዩት ደስ ይላል። አሜሪካ ሙሉ ፓድ ማስቀየር በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር እንደሚያስወጣ ስታስቡ ደግሞ በነፃ የተገኘ ይመስላል። አይደለም።

ከመብራቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም ዕቃው ሁሉ ቢጠፋ እሱ ብቻ ቢቀረኝ አልከፋም። ቀጭን የኤል ኢ ዲ ገመድ ነው፣ በዩኤስቢ ይሠራል። የሳክስፎኑን አንገት ትነቅላላችሁ፣ ገመዱን ሆዱ ውስጥ ትሰዳላችሁ፣ ቤቱን ታጨልማላችሁ፣ ከዚያ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየዘጋችሁ በፓዱ ዙሪያ ብርሃን ያመልጥ እንደሆነ ታያላችሁ። እኔ ማጨለም እንኳን አላስፈለገኝም፤ መብራት በጠፋበት ማታ ፓወር ባንክ ላይ ሰክቼ ነው የሠራሁት። ለአንድ ቀን መብራት ኃይልን አመስግኛለሁ። ዋናው ነገር በስሱ መጫን ነው። አንቆ ለያዘው ሰው የሚያፈስ ፓድም ይዘጋል፣ ስትጫወቱ ግን ማንም እንደዚያ አይጫንም። በስሱ ስጫን አራት ቦታ ብርሃን አየሁ፦ ታችኛው ሲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ እና ያ በሱፐር ግሉ የተለጠፈው ጉድ፣ እሱ ጂ ሻርፕ ነው። ለካ እኔ ትንፋሼን ስወቅስ የከረምኩት በአራት ቀዳዳ እየነፋሁ ነው!

መብራቱ ከሌላችሁ የሲጋራ ወረቀት በቀጭኑ ቁረጡ። ከፓዱ ጠርዝ ስር አስገብታችሁ ቁልፉን ዝጉና ሳብ አድርጉት፤ ያዝ ካላደረገው በዚያ በኩል ያፈሳል። ዙሪያውን መዞር ነው። አድካሚ ነው ግን አይዋሽም።

አሁን ወደ ፓዶቹ። ስፋታቸው በሚሊ ሜትር ተጽፎ ነው የሚመጣው፣ እሱ ልክ ነው። ጣጣው ውፍረታቸው ነው። የድሮውን ፓድ ከአዲሱ ጎን ሳስቀምጠው አዲሱ በዓይን የሚታይ ወፍሮ አገኘሁት። ምን ችግር አለው እንዳትሉ። ፓዱ ሲወፍር መጀመሪያ የሚያርፈው በማጠፊያው በኩል ነው፣ ከፊት ያለው ጠርዝ ክፍት ይቀራል። በር ማጠፊያው ላይ ጨርቅ ገብቶበት ስትዘጉት ታውቁታላችሁ አይደል? እንደዚያ ነው። ሲሳሳ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከፊት ይነካና ከኋላ ያፈሳል። ከ25ቱ ሁለቱ ደግሞ ፊታቸው ራሱ የተንሻፈፈ ነው፣ ለአንገቱ ኦክታቭ ቁልፍ የሚሆነው ትንሹ ደግሞ ጭራሽ ልኩ አይደለም። ቆዳው ግን ክፉ አይደለም፣ ለስላሳ ነው።

ታችኛውን ሲ የቀየርኩበትን ማታ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ቁልፉን ለማውጣት ረጅሙን ዘንግ መፍታት አለባችሁ፤ ዘንጉንና ብሎኖቹን እንደወጡበት ቅደም ተከተል የእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ ደረደርኩ። ይህን ካላደረጋችሁ ሌሊቱ ያልቅባችኋል፣ ሁሉም ይመሳሰላሉ። የድሮውን ፓድ የቁልፉን ሳህን (ፓዱ የሚቀመጥበትን) ሞቅ ሞቅ አድርጌ በካቻቢቴ ጫፍ ፈነቀልኩት። ሼላኩ ሙጫ የሚመስል ቡናማ ነገር ነው፣ እሳት ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ሳህኑን በጋዝ ላይተር ከጀርባው እያሞቅኩ ሼላኩን ቀባሁት፣ ፓዱን አስቀምጬ መልሼ ገጠምኩትና መብራቱን አበራሁ። ከፊት በኩል ጨረቃ የመሰለ ብርሃን! ደግሜ አሞቅኩ፣ ፓዱን ከማጠፊያው በኩል ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኩት፣ ዘጋሁት። ብርሃኑ ሳሳ። ሦስተኛ ጊዜ ሳሞቅ እሳቱን አንድ ቦታ አቆይቼው ኖሮ ቫርኒሹ ተቃጠለና የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ጠባሳ ተወልኝ፣ ግን ፓዱ ቦታውን ያዘ። ዙሪያው ድቅድቅ ጨለማ። ቁልፉን በላስቲክ አስሬ አሳደርኩት። ጠዋት ነፋሁት። ታችኛው ሲ ወፍራም ሆኖ፣ ሳይንቀጠቀጥ፣ በስስ ትንፋሽ ወጣ። እናቴ «ፍየሏን ሸጥካት?» አለች።

ለሦስቱ ፓድ ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ኤፉ ተስተካክሏል። ጂ ሻርፑን ከነሱፐር ግሉ ፍቄ አውጥቼ ቀየርኩት፣ እሱም ደህና ነው፤ ግን ይህ ቁልፍ በተፈጥሮው የመጣበቅ አመል አለው። ሲጣበቅባችሁ ፓውደር እንዳትነሰንሱበት፣ አልኮል የነካ ወረቀት ከስሩ አስገብታችሁ በስሱ ዝጉና አውጡት። ደግሞ ማኪያቶ ጠጥታችሁ ወዲያው አትንፉ፣ ስኳሩ ነው የሚያጣብቀው። ይህን የምለው ከራሴ ነው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሆቴል ስጫወት በእረፍት ሰዓት ሁለት ማኪያቶ ከስኳር ጋር እጠጣ ነበር።

ኢ ፍላቱ አልሆነም። ፓዱ ወፍራም ነው፣ ሳህኑ ጥልቀት የለውም፣ ምንም ብገፋው ከፊት ያፈሳል።

ካቻቢቴዎቹን ጣሏቸው። ብረታቸው ቅቤ ነው፣ ሁለተኛው ብሎን ላይ ጫፉ ተጣመመና የብሎኑን አፍ ሊበላው ነበር። የሰዓት ሠሪ ካቻቢቴ ግዙ፣ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ኮላውም ቱቦው ውስጥ ደርቆ ነው የመጣው። እኔ ግን አልተቸገርኩም። የአንገቱን ቡሽ ለመለጠፍ ሰፈሬ ያለው ጫማ ሰፊ ጋ ሄጄ ማስቲሽ በትንሽ ክዳን ቀዳልኝ፤ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ «አንድ ቀን ትነፋልኛለህ» አለኝ። ሥራው ያው የጫማ ሥራ ነው። የድሮውን ቡሽ ትፍቃላችሁ፣ ብረቱን በአልኮል ታጸዳላችሁ፣ ማስቲሹን በሁለቱም ወገን ቀብታችሁ እስኪደርቅ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ አንዴ ነው የምትለጥፉት፣ ማስተካከል የለም። ሲያልቅ በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን እያሳሳችሁ ማውዝፒሱ (አፍ ውስጥ የሚገባው መንፊያ) ጠበቅ ብሎ እስኪገባ መሞከር ነው። ብዙ ካሳሳችሁት ቻው፣ እንደገና። የዕቃው ቡሽና ቅባት ጥሩ ናቸው፣ በዚህ አልከስም።

የሞላ መንጠቆውም ጥሩ ነው። ቁልፎቹን የሚመልሱትን የመርፌ ሞላዎች ከቦታቸው ለማውጣትና ለመመለስ በጣት አይሞከርም፣ ይወጋል። ኪሮሽ ካላችሁ መሳቡን ኪሮሹም ይሠራዋል፤ መግፊያውን ለማግኘት ግን የሌላኛውን ጫፍ በሞረድ ትንሽ ጎድጎድ ማድረግ ያስፈልጋል። ዘይቱ ምንም አይልም። ለአንድ መገጣጠሚያ አንድ ጠብታ፣ እሱም በመርፌ ጫፍ። ሲያልቅብኝ የሲንጀር ዘይት ነው የምጠቀመው። መጥረጊያ ጨርቁ ውሃ አይመጥም፣ ከእናቴ አሮጌ ነጠላ የቆረጥኩት ይበልጠዋል።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ የእንጨት ክላሪኔቱን ይዞ መጣ። እንዳታደርጉት። የክላሪኔት ፓድ ሌላ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ከዚህ ዕቃ አንዱም አይገጥምም። እንጨቱም እኛ ዞጲ የምንለው ጥቁር እንጨት ነው፤ እንደ ሳክስፎን ናስ በላይተር የምታሞቁት ነገር አይደለም። በደረቁ ወራት ከቀዝቃዛ ቦታ አውጥታችሁ ወዲያው በሙቅ ትንፋሽ ስትነፉትም ሊሰነጠቅ ይችላል። የመገጣጠሚያውን ቡሽ ቀይሬለት መለስኩት። ዋሽንት የሚጫወት ሰው በዚህ ሁሉ ይስቅብናል፤ ቀዳዳውን የሚዘጋው በጣቱ ነው፣ ምን ፓድ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። የሳክስፎን ተጫዋቹን የጌታቸው መኩሪያን ሽለላ ሳዳምጥ ሁሌ የሚገርመኝ ከታች የሚመጣው ድምፅ ክብደት ነበር። የሱ ቴነር ነው፣ ከኔ አልቶ ተለቅ ያለና ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ችሎታውንማ ተዉት። ግን የመጨረሻውን ቢ ፍላት ለማውጣት ከላይ እስከ ታች ያለው ፓድ ሁሉ መዘጋት አለበት፣ አንዱ ትንሽ ካፈሰሰ ድምፁ ይከዳል። እኔ ስንት ወር ሙሉ ሪድ (ማውዝፒሱ ላይ የሚታሰረውን የሚርገበገብ ቀጭን ሸንበቆ) ስቀይር፣ ማውዝፒስ ስዋስ ነበር። ሪዱ ንጹህ ነበረ።

ልግዛው ወይ ለምትሉኝ፦ መብራቱን፣ ሼላኩንና መንጠቆውን ለየብቻ ማዘዝ ከቻላችሁ እንደዚያ አድርጉ። ካልቻላችሁ ዕቃውን ግዙትና ፓዶቹን እንደ መለማመጃ ቁጠሯቸው። ሙሉ ሳክስፎን በዚህ ፓድ እቀይራለሁ ብላችሁ ሁሉንም እንዳታወልቁ፣ ካወለቃችሁ በኋላ መመለሻ የለውም። ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ፤ ሁለት ተኩሉ የመብራቱ ነው።

የኔ ኢ ፍላት እስካሁን ስጨርስ በላስቲክ እየታሰረ ነው የሚያድረው። የድሮውን ፓድ ስፋቱንም ውፍረቱንም በካሊፐር ለክቼ ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፤ ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አለ ብላኛለች።