ባለ 58 ሲሲ የሞተር መጋዝ፦ በእንጅባራ ዙሪያ ከ14 ወራት ሥራ በኋላ

የምኖረውና የምሠራው በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በፋግታ ለኮማ መካከል ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ነው። ገበሬዎች የሚጠሩኝ ለአጠና የደረሰ ባሕር ዛፍ እንድጥልላቸው፣ በቆርቆሮ ቤት ላይ ያዘነበለ ቅርንጫፍ እንዳወርድላቸው፣ ለከሰል የተተከለ ዲከረንስ የተባለ የግራር ዓይነት ዛፍ እንድቆርጥላቸው፣ አልፎ አልፎም በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነፋስ የሰበረውን የዝግባ ወይም የወይራ ቅርንጫፍ እንዳስተካክል ነው። ለዘጠኝ ዓመት ያህል በመጥረቢያና ሁለት ሰው በሚስበው መጋዝ ስሠራ ቆይቼ፣ በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ወር ባለ 58 ሲሲ የሞተር መጋዝ በ17,000 ብር ገዛሁ። ይህን የምጽፈው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ 2017 ዓ.ም. ጥር ድረስ በደብተር የያዝኩትን ማስታወሻ መሠረት አድርጌ ነው። መጋዙ ከቻይና የሚመጣና በተመሳሳይ አካል ላይ ልዩ ልዩ የንግድ ስም እየተለጠፈ የሚሸጥ ዓይነት ስለሆነ፣ በእኔው ላይ የተጻፈውን ስም ብጠቅስ ገዢን የሚያሳስት እንጂ የሚረዳ አይሆንም።

ካቴናው፣ ማለትም እንጨቱን የሚቆርጠው ጥርሳም ሰንሰለት፣ የሚዞርበት መሪ ብረት 20 ኢንች ርዝመት አለው፤ ካቴናው 76 መንጃ ጥርሶች አሉት። የቤንዚን ማጠራቀሚያው 550 ሚሊ ሊትር፣ የካቴና ዘይት ማጠራቀሚያው ደግሞ 260 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ሁለቱም ሲሞሉ መጋዙ 7 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ ከቀበሌ ቀበሌ በእግር ለሚጓዝ ሰው ክብደቱ ቀላል የሚባል አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ተስፋ አስቆራጭ ነበሩ። ሞተሩ በቀላሉ ይነሣል፤ ነገር ግን ግንድ ውስጥ ሲገባ ያንቃል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላም ተፈትቶ ሲታይ በጥላሸት ተሸፍኗል። ሻጩ የሰጠኝ መልስ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለውን ዘይት አብዝተሃል የሚል ስለነበር ዘይቱን ቀነስኩ፤ ይህ ደግሞ ሞተሩን ለከፋ አደጋ የሚያጋልጥ ስሕተት መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ችግሩ የነበረው ከፍታው ላይ ነው። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከፋብሪካው ለቆላ አየር ተስተካክሎ የመጣው ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) እዚህ ሲደርስ አየር ያጥረዋል፤ ቤንዚኑ ግን በነበረበት መጠን ስለሚፈስ ድብልቁ ይወፍራል። መፍትሔው በካርቡራተሩ ላይ ያለችውን የከፍተኛ ፍጥነት ብሎን በቀጭን ካቻቢቴ ወደ ቀኝ በጣም በጥቂቱ፣ በአንድ ጊዜ ከዙር አንድ ስምንተኛ ሳያልፉ፣ ማጥበቅ ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀች ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚሄደው ዘይትም ያንሳል፣ ፒስተኑም ግሎ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ሞተሩ ያለ ሥራ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጠው ድምፁ ጥቂት እንደመንተባተብ ማለት፣ ግንድ ውስጥ ሲገባ ደግሞ መጥራት አለበት፤ ያለ ሥራ ሳለ ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ብሎኗ ከልክ በላይ ጠብቃለች ማለት ነው። ይህን ካስተካከልኩ በኋላ የካንዴላው ጫፍ ቡናማ ሆነ፤ መጋዙም ገንዘቤን ያወጣሁበት መጋዝ ሆነ። በዚህ ዓይነት መሣሪያ የተማረሩ የሥራ ባልደረቦቼ ብዙዎቹ የተማረሩት በዚህች ብሎን ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

የቤንዚንና የዘይት ድብልቁን በተመለከተ መመሪያው 25 ለ 1 ይላል፤ ይህም ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ለሁለት ምት ሞተር የተዘጋጀ ዘይት ማለት ነው። በገጠር ይህን በቡሽ ክዳን ወይም በዓይን መገመት የተለመደ ነው። እኔ ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ እጠቀማለሁ፤ ሁለት ስሪንጅ ለአንድ ሊትር ነው። ቤንዚን ከማደያ በጀሪካን ለመቅዳት የማይቻልበት ጊዜ ስለሚበዛ በጠርሙስ ከሚሸጡ ሰዎች ለመግዛት እገደዳለሁ፤ እንዲህ ያለውን ቤንዚን ሳላጣራና አንድ ሌሊት ሳላስቀምጥ አልቀዳም። ውኃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይታያል።

የዚህን መሣሪያ ዋጋ የሚወስነው ግን ከሞተሩ ይልቅ ካቴናው ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆየት እፈልጋለሁ። ከመጋዙ ጋር የመጣው ካቴና ብረቱ ልል ስለነበረ በሁለት ወር ውስጥ ተሞርዶ አለቀ፤ ለብቻው በተሻለ ዋጋ የገዛሁት ሁለተኛው ካቴና ከሰባት ወር በላይ አገልግሎኛል። የስለቱን ሁኔታ ከመጋዙ የሚወጣው ፍቅፋቂ ይናገራል። ካቴናው ስለታም ሲሆን ፍቅፋቂው ወፍራምና ቅርጽ ያለው ይሆናል፤ ሲደንዝ ግን ዱቄት ብቻ ይወጣል፣ ሠራተኛውም ሳያውቀው መጋዙን በጉልበቱ መጫን ይጀምራል፣ በዚያው የሞተሩን ኃይል ወደ ካቴናው የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮንም መሪ ብረቱም ይግላሉ። ለዚህ ካቴና የሚሆነው ክብ ሞረድ 4.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነው። እኔ ማጠራቀሚያው ሁለት ጊዜ ባለቀ ቁጥር፣ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ በ30 ዲግሪ ማዕዘን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ እሞርዳለሁ። የግራውን ጥርሶች ከቀኞቹ አብልጦ የሞረደ ሰው መጋዙ ግንድ ውስጥ ሲጠማዘዝበት ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ማላከክ የለበትም።

ዲከረንስ ከባሕር ዛፍ ይልቅ ካቴና ይፈትናል። በአካባቢያችን ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር ዘርቶ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ለከሰል ቆርጦ፣ መሬቱን መልሶ ያርሳል፤ ስለዚህ በአንድ ማሳ ላይ የሚቆረጠው ቀጭን ግንድ እጅግ ብዙ ነው፣ አቆራረጡም ከመሬት በጣም የተጠጋ መሆን አለበት። በቅርብ ዓመታት ዝገት መሰል ፈንገስ ዛፉን ከመታው ወዲህ ደግሞ ቆሞ የደረቀ ዲከረንስ የሚያስቆርጠው ሰው በዝቷል። የደረቀው ከእርጥቡ ይልቅ ካቴና ያደነዝዛል፤ ከሁሉም የሚብሰው ግን ዝናብ ከሥሩ ልጣጭ ላይ የረጨው አፈር ነው። አሁን መጋዙን ከማስገባቴ በፊት አንድ ረዳት የግንዱን ግርጌ በመጥረቢያ ይልጠዋል። ይህ ለአንድ ዛፍ ግማሽ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ በቀን ሁለት የሞረድ ዕረፍት አስቀርቶልኛል።

በባሕር ዛፍ ላይ ያለው ጥቅም በቁርጡ ጥራት የሚታይ ነው። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ፣ ገበሬው ከአንድ ተከላ ደጋግሞ አጠና የሚያገኘው ጉቶው በጤና ከቆየለት ነው። መጥረቢያ ልጣጩን ይሰነጥቃል፣ ጉቶውንም ወደ ላይ ያስረዝመዋል። በሞተር መጋዙ ግን ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብዬ፣ ውኃ እንዳይተኛበት ጥቂት አዘንብዬ እቆርጣለሁ። በ2016 ዓ.ም. ታኅሣሥ የቆረጥኳቸው ጉቶዎች በክረምቱ ያወጡት ቀንበጥ በመጥረቢያ ከተቆረጡት የበለጠ ብዛትና ጥንካሬ እንዳለው በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንድ ደንበኛዬም ከዚያ በኋላ ማሳውን በመጥረቢያ አያስቆርጥም።

ከብልሽቶቹ ዋነኛው በስድስተኛው ወር የደረሰው ነው። ዘይቱን ወደ ካቴናው የሚገፋው ፓምፕ የሚዞርበት የፕላስቲክ ጥርስ ቀለጠ፤ እኔም ካቴናው ደርቆ መጭስ እስኪጀምር ድረስ አላወቅሁም። በከፊል የራሴ ጥፋት ነው፣ ምክንያቱም እንደ ብዙዎቹ ከጋራዥ የተገኘ የተቃጠለ ዘይት እጠቀም ነበር። በእንዲህ ያለ ዘይት ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑንም መሪ ብረቱንም ይበላል። ከዚያ ወዲህ ንጹሕ ዘይት ብቻ እጠቀማለሁ፤ ሥራ ከመጀመሬ በፊትም ጫፉን ወደ ነጭ ካርቶን አዙሬ ነዳጅ እሰጠዋለሁ፣ በካርቶኑ ላይ የዘይት መስመር ካልታየ አልጀምርም። የማስነሻው ገመድም ሁለት ጊዜ ተበጥሷል፣ የቤንዚኑ ጎማም በዓመቱ ደርቆ ተሰነጠቀ፤ እነዚህ በርካሽ የሚተኩ ናቸው።

የካቴናው ፍሬን አንድ ጊዜ ፊቴን አትርፎልኛል። የወደቀ ግንድ ስቆራርጥ የመሪ ብረቱ ጫፍ የላይኛው ክፍል ከኋላ የተደበቀ ቅርንጫፍ ነክቶ መጋዙ ወደ ላይ ተወነጨፈ፤ የፊተኛው መከላከያ እጄን ሲነካ ካቴናው ወዲያው ቆመ። ሆኖም ይህ ፍሬን በዘይትና በፍቅፋቂ ሲታፈን እንደማይዝ በሌላ ቀን አይቻለሁና፣ በየምሽቱ ሽፋኑን ከፍቶ በብሩሽ ማጽዳት ግዴታ ነው። ከመጋዙ ጋር ምንም ዓይነት የአካል መከላከያ አልመጣም። የግንባታ ሠራተኛ ሄልሜት፣ የጆሮ መድፈኛ፣ መነጽርና ወፍራም ቦት ጫማ ራሴ ገዛሁ፤ ካቴና የሚያቆም ሱሪ ግን በአካባቢያችን ገበያ አላገኘሁም፣ ይህም ዘወትር ያሳስበኛል። ንዝረቱ ከባድ ነው። ያለ ዕረፍት ስሠራ ጣቶቼ ይደነዝዙ ስለነበር አሁን በየ20 ደቂቃው እለቀዋለሁ።

ዛፍ ላይ ወጥቼ ይህን መጋዝ አልያዝኩም፣ ለማንም አልመክርም። በቤት ጣሪያ ላይ ያለን ቅርንጫፍ የማወርደው በገመድ ታስሬ በጎባጣው የእጅ መጋዝ ነው፤ መጀመሪያ ከሥር፣ ቀጥሎ ጥቂት ወደ ውጭ ራቅ ብዬ ከላይ፣ በመጨረሻም የቀረውን ቁራጭ ቅርንጫፉ ከግንዱ የሚጋጠምበትን እብጠት ሳልነካ እቆርጣለሁ። ያ እብጠት ከተቆረጠ ቁስሉ አይዘጋም፣ ዛፉም ወደ ውስጥ ይበሰብሳል። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ከሆነ ደግሞ መስመሩ በባለሙያ ሳይቋረጥ በየትኛውም መጋዝ አልነካውም።

መሬት ላይ ለሚሠራ፣ ሞረድና ካቻቢቴ መያዝ ለሚያውቅ ወይም ለመማር ለተዘጋጀ ሰው ይህን መጋዝ እገዛለሁ ቢለኝ አልከለክለውም፤ ነገር ግን በዚያው ቀን ሁለተኛ ካቴና፣ ሁለት ሞረድ፣ ትርፍ ካንዴላና የዘይት ፓምፕ አብሮ እንዲገዛ እነግረዋለሁ። የእኔው በጥር የመጨረሻ ሳምንት ሲነሣ ሦስት ጊዜ መሳብ ጀምሯል፤ ፊት አንድ ጊዜ ይበቃው ነበር። ከፋሲካ በፊት ሲሊንደሩን ከፍቼ የፒስተኑን ቀለበት ለመቀየር አስቤያለሁ።