ጨጓራን ማጥበብ ወይስ ማለፊያ መሥራት?

ክብደትን ለመቀነስ ከሚሠሩት ቀዶ ሕክምናዎች በብዛት የሚመረጡት ጨጓራን ቆርጦ ማጥበብና ምግብ አብዛኛውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ዘሎ እንዲያልፍ ማድረግ (ማለፊያ መሥራት) ናቸው። በመጀመሪያው ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ስለሚወጣ ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ይሁን እንጂ አንጀት ስለማይነካ አሠራሩ ቀለል ይላል። ሁለተኛው ከጨጓራው ተለይታ የምትሠራ፣ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢትን ከአንጀት ጋር የሚያገናኝ ሲሆን፣ ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ላለበት ሰው በአብዛኛው የተሻለ ውጤት ይሰጣል። ቃር ክፉኛ የሚያስቸግረው ሰውም ማጥበቡን ለመምረጥ ባይቸኩል እመርጣለሁ፤ ሊያባብስበት ይችላልና። በአንጻሩ ማለፊያው ጣፋጭ ሲበላ ላብ፣ የልብ ምት መፍጠንና ተቅማጥ ሊያስከትል ይችላል፤ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ከረጢቷና አንጀቱ በተገናኙበት ቦታ ላይ ቁስለት ያሰጋዋል። ቫይታሚን በሁለቱም ዕድሜ ልክ ይወሰዳል (ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል በመሆኑ ጿሚ ሰው ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር)።

ሐኪሙን በተመለከተ፣ ሁለቱንም ዘዴዎች አዘውትሮ የሚሠራውን አስቀድማለሁ፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሐኪም ምክሩ ከታካሚው ሁኔታ ይልቅ ወደ ለመደው ዘዴ ሊያደላ ይችላል። በዓመት ስንት ታካሚ እንደሚሠራ፣ ስፌቱ ቢያፈስ ሌሊትም ቢሆን ማን እንደሚደርስ፣ ከዓመታት በኋላስ የደም ምርመራውን ማን እንደሚከታተል ከዋጋው በፊት ሊጠየቅ ይገባል።