«ራሱ ያጠፋል» ተብሎ የተሸጠልኝ ሂተር፦ ጎንደሮች፣ ሳትገዙ ይህን አንብቡ

ብርዱ ገብቷል። ሂተር ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው ብሩንም እንቅልፉንም እንዳያጣ።

እናቴ አዘዞ ነው የምትኖረው። ቤቷ የጭቃ ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለውም። ከኅዳር ጀምሮ ማታ ማታ ከሰል ታቀጣጥልና ምድጃውን ይዛ መኝታ ቤት ትገባለች። በሩን ዘግታ። ይሄ ነገር ለዓመታት ሲያስጨንቀኝ ኖሯል። የከሰል መርዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ እንደተኛ የሚቀር ሰው አለ። ስለዚህ ብር አጠራቅሜ ሂተር ልግዛላት አልኩ።

ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው። ማራገቢያ ያለው ትንሽ ነጭ ሂተር አወጣልኝ። ፊቱ ላይ የሚዞር ቁልፍ አለ፤ ዙሪያውን 15፣ 20፣ 25፣ 30 ተብሎ ተጽፎበታል። «ቴርሞስታት አለው እህቴ። 20 ላይ አድርገሽ መተኛት ነው። ቤቱ ሲሞቅ ራሱ ያጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ያበራል። የመብራት ካርድ በግማሽ ይቀንስልሻል» አለኝ። እስኪ ሰክተህ አሳየኝ አልኩት። መብራት የለም። የዚያን ቀን እውነትም መብራት ሄዶ ነበር። «ቤት ስትደርሺ ትሞክሪዋለሽ» አለኝ። 4,500 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» አለ። ተውኩት።

በአምስተኛው ቀን እማዬ ደወለች። ለሁለት ሳምንት ይበቃል ብዬ የሞላሁት ካርድ አልቋል። ሞልቼ ሄድኩና እዚያው አደርኩ። ሂተሩን 20 ላይ አድርገን ተኛን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብንን ስል ማራገቢያው አሁንም ይጮኻል። ክፍሉ ታፍኗል። የእማዬ ግንባር በላብ ርሷል። ቁልፉን ወደ 15 መለስኩት፤ ሙቀቱ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ልነቅለው ሶኬቱን ስይዘው እጄን ፈጀኝ። ነጩ ፕላስቲክ ጠርዙ ላይ ቡናማ ሆኗል። እኔ ባላድር ኖሮ ምን ሊሆን ነበር? እስካሁን እሱን ነው የማስበው።

የሰፈራችን ኤሌክትሪሻን ፈታው። ከቁልፉ ስር ያለው ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። 15 የሚለው 1000 ዋት፣ ከዚያ በላይ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ 2000 ዋት። የቤቱን ሙቀት የሚለካ አንዳች ነገር የለበትም። ውስጡ አንዲት ትንሽ መቁረጫ አለች፤ እሷ ግን ሂተሩ ራሱ ከልክ በላይ ሲግል እሳት እንዳይነሳ የምትቆርጥ ናት። ቤቱ 15 ይሁን 30 አታውቅም። አንዳንድ ሻጭ «አውቶማቲክ ነው» የሚላችሁ እሷን ይዞ ነው።

እውነተኛው ቴርሞስታት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ካውያችሁን ተመልከቱ። ሲግል መብራቷ ትጠፋለች፣ ትንሽ ቆይታ ትበራለች። ውስጡ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተጣብቀው የተሠራ ቀጭን ቅጠል አለ፤ ለምሳሌ አንዱ ነሐስ፣ ሌላው ሌላ ብረት። ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም። አንዱ በለጥ ብሎ ስለሚረዝም ቅጠሉ ይጎብጣል፣ ሲጎብጥ ከመገናኛው ይለቃል፣ መብራቱ ይቋረጣል። ሲቀዘቅዝ ይቃናል፣ ተመልሶ ይገናኛል። በቃ ይኸው ነው። አንድሪው ዩር የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1830 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፓተንት ካወጣበት ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። የቤት ሂተር ላይ ልዩነቱ ቅጠሉ የሚሰማው የክፍሉን አየር መሆኑ ነው። ቁልፉን ስታዞሩ ቅጠሉ በስንት ሙቀት ላይ እንዲለቅ ነው የምትወስኑት። ሂተሩ እንዲበረታ አይደለም። ስለዚህ ቶሎ ይሙቅ ብሎ 30 ላይ ማድረግ ምንም አያፈጥነውም፤ ዝም ብሎ ሳይጠፋ ይቆያል እንጂ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ፤ እኔ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ አልታለልም ነበር። ይህን ዓይነቱን ቴርሞስታት ለመፈተን መብራት አያስፈልግም። ሂተሩ ሳይሰካ ቁልፉን ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት፣ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። የሱቁ ሙቀት ጋ ሲደርስ አንዴ «ቀጭ» ይላል። ወደኋላ መልሱት፤ ትንሽ አለፍ ብሎ እንደገና «ቀጭ»። በየቁጥሩ እየዘለለ «ቀጭ ቀጭ ቀጭ» ካለ ወይም ቁጥሩ ላይ እየቆመ ከተቀመጠ ቴርሞስታት አይደለም፣ የኔው ዓይነት ነው። ዲጂታል ከሆነ ግን መብራት እስኪመጣ ጠብቁ። ተሰክቶ ካላያችሁት አትክፈሉ።

«ካርድ በግማሽ ይቀንሳል» የሚለውንም አትቀበሉ። 2000 ዋት የሆነ ሂተር በበራበት ሰዓት ሁሉ 2000 ዋት ይበላል፣ ማንም ይሥራው ማን። ስምንት ሰዓት ሳይጠፋ ካደረ 16 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ታሪፉ ደግሞ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር በአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው እየጨመረ ይሄዳል። ቴርሞስታት የሚቆጥበው ሂተሩን ባጠፋባት ሰዓት ብቻ ነው። ኮርኒስ በሌለው ቤት ደግሞ ሙቀቱ ወደ ቆርቆሮው ወጥቶ ስለሚሄድ፣ እውነተኛውም ቢሆን ብዙ አይጠፋም። እኔ እንደገና ብጀምር ከሂተሩ በፊት የግድግዳውንና የጣራውን ክፍተት ነበር የምደፍነው። በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ስለሚስብ በቀጭን ዲቫይደር አትሰኩት፤ ግድግዳው ላይ ባለ ጠንካራ ሶኬት ይሁን።

ልመልሰው ስሄድ ሻጩ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ሌላ ነው የሚለው። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ብሬ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። የግዢ ማስረጃ ይዞ ነው ታዲያ። እኔ ምን ልያዝ? ለጥቂት ብር ብዬ የተውኩት ደረሰኝ 4,500 ብር አስከፈለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ሌላ ሱቅ ገባሁ። ሦስት ሂተር አስወርጄ ሦስቱንም ሳይሰኩ ጆሮዬ ሥር አዞርኳቸው። ሁለቱ ዝም፤ ቴርሞስታት የላቸውም ማለት ነው። ሦስተኛው 18 አካባቢ ሲደርስ «ቀጭ» አለ፤ ስመልሰው 16 ላይ ደገመው። ባለሱቁ ራሱ ተቀብሎኝ አዞረና አዳመጠ። «ደረሰኝ ቁረጥልኝ» አልኩት። ቆረጠልኝ። እማዬ ሌሊት ሲጠፋና ሲበራ እየሰማች እንደምትተኛ ነግራኛለች፤ ምድጃው አሁን ውጭ፣ ማድቤት ነው የሚያድረው።